ክሊችኮን ያሸነፈው ዕድሜው አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የከረመውን ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ቦክስ የሚወድ ሰው ሁሉ ሳያነበው የቀረ አይመስለኝም። ከፈረንጅ አራዳ እስከ አጂፕ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች፣ ጨዋታው እስኪጀመር ድረስ ሰው የሚከራከረው በእሱ ነው። ጽሑፉ ታይሰን ፉሪ በ2015 ጀርመን ውስጥ ዱሰልዶርፍ ላይ ውላዲሚር ክሊችኮን አሸንፎ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነበትን ድል “በታሪክ ከተጋነኑት ሁሉ የባሰ” ይለዋል። (የቦክሱን ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ጸሐፊው ብዕራቸው ስል ነው፤ ቦክስም ያውቃሉ። ፍርዳቸው ግን ትክክል አይደለም።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ያሉትን እሳቸው ባሉት መንገድ ላስቀምጥ። መጀመሪያ፣ ክሊችኮ በዚያ ሌሊት 39 ዓመቱ ነበርና ያለቀለት ሰው ነበር፤ ፉሪ ያሸነፈው ስሙን እንጂ ቦክሰኛውን አይደለም ይላሉ። ቀጥሎ፣ ፍልሚያው አሰልቺ ነበር፣ ቡጢ አልታየበትም፣ የከባድ ሚዛን ዘውድ ደግሞ በዝረራ እንጂ በነጥብ አይነጠቅም ይላሉ። ከዚያም ያሸነፈው ቁመቱ ነው፤ ነጥቡም ተቀራራቢ ስለነበር ሌሎች ዳኞች ቢቀመጡ ውጤቱ በተለወጠ ነበር ይሉና፣ በመጨረሻ ፉሪ ማዕረጉን አንድ ጊዜ እንኳን ሳያስጠብቅ መልቀቁን፣ የተከለከለ መድኃኒት ጉዳይ የነበረበት መሆኑንና በ2024 በኦሌክሳንደር ኡሲክ ሁለት ጊዜ መሸነፉን አንሥተው ድሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ዋጋውን ያጣል ሲሉ ይደመድማሉ።

የመጀመሪያው ከሁሉም የሚከብድ ስለሆነ በእሱ ላይ ልቆይ። ክሊችኮ 39 ዓመቱ እንደነበር አይካድም። ፍልሚያው መጀመሪያ የተቀጠረው ለኦክቶበር 24 ሆኖ፣ እሱ ባቱን ተጎድቶ ወደ ኖቬምበር 28 መዛወሩም እውነት ነው። እንዲያውም ጸሐፊው ይህንን የባት ጉዳት ሳያነሡት ማለፋቸው ገርሞኛል፤ ለክርክራቸው ይጠቅማቸው ነበር። ነገር ግን “ያለቀለት” የሚለው ቃል የሚለካ ነገር ነው፤ ሰውዬው ከዚያ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላስ ምን እንደሠራ ማየት ይቻላል።

ከዚያ በፊት እንጀምር። ክሊችኮ ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈው በኤፕሪል 2004 በላሞን ብሩስተር ነው። ከዚያ ወዲህ 11 ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ 22 ፍልሚያ በተከታታይ አሸንፏል። በ2006 ክሪስ በርድን አሸንፎ ከወሰደው ማዕረግ በኋላ 18 ጊዜ አስጠብቋል። ተቀናቃኞቹ ሁሉ ጠንካሮች አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ ለመሸነፍ የመጡ ይመስሉ እንደነበር ለጸሐፊው እቀበላለሁ። ይሁንና ማሪውሽ ዋክ፣ አሌክሳንደር ፖቬትኪን፣ ኩብራት ፑሌቭና ብራያንት ጄኒንግስ አራቱም አንድም ሽንፈት ሳይኖርባቸው ነው ፊቱ የቆሙት። ፑሌቭን በ5ኛው ዙር በዝረራ ያሸነፈው በኖቬምበር 2014፣ ማለትም ከፉሪ ፍልሚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጄኒንግስን ኒውዮርክ ላይ በነጥብ ያሸነፈው ደግሞ ከሰባት ወር በፊት ነበር። ሰው በሰባት ወር ውስጥ ሊያረጅ ይችላል? ይችላል እንበል። እንግዲያውስ ቀጥሎ የሆነውን እንይ።

ክሊችኮ ከፉሪ በኋላ ለ17 ወራት ሪንግ ውስጥ አልገባም። ኤፕሪል 29 ቀን 2017 ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ውስጥ፣ 90,000 ሰው ፊት፣ ከአንቶኒ ጆሹዋ ጋር ሲገናኝ 41 ዓመቱ ነበር። ጆሹዋ 27 ዓመቱ ነው፤ እስከዚያ ድረስ 18 ጊዜ ተጋጥሞ 18ቱንም በዝረራ አሸንፏል። ያ “ያለቀለት” ሰው በ5ኛው ዙር ወድቆ ተነሣ፤ በ6ኛው ዙር ደግሞ ጆሹዋን ራሱን ወለል ላይ ዘረረው። በ11ኛው ዙር ፍልሚያው ሲቆም ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ክሊችኮን በነጥብ ሲያስመራው ነበር። ጸሐፊው ይህንን ምሽት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ “ክሊችኮ ያኔ ልቡ ተመልሶለት ነበር” ብለው ያልፉታል። ልብ ይመለሳል፤ ጉልበትና ፍጥነት ግን ከ39 ወደ 41 በሄደ ሰው ላይ አይመለሱም። የለንደኑ ክሊችኮ ያንን ያህል መዋጋት ከቻለ፣ የዱሰልዶርፉ ክሊችኮ ሰውነቱ ውስጥ ያንኑ ያህል ወይም የበለጠ ነበረው። ታዲያ ለምን አላወጣውም? ጸሐፊው ለዚህ መልስ የላቸውም። እኔ አለኝ፤ ከፊቱ የቆመው ሰው ስላላስወጣው ነው።

እዚህ ላይ በጽሑፉ ውስጥ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር አለ። መግቢያው አካባቢ “ክሊችኮ መምታት አቅቶት ተሸነፈ” ይላል፤ ወደ መሐል ሲደርስ “ክሊችኮ መምታት ቢፈልግ ኖሮ በቀላሉ ያሸንፍ ነበር” ይላል። አቅቶት ከሆነ ቢፈልግም አያሸንፍም፤ በቀላሉ የሚያሸንፍ ከሆነ ደግሞ አላረጀም። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ማስኬድ አይቻልምና ጸሐፊው አንዱን መምረጥ አለባቸው።

ከባድ ሚዛን ራሱ ዕድሜን በቀላሉ የሚያምን ክብደት አይደለም። ጀርሲ ጆ ዎልኮት በ1951 ማዕረጉን ሲወስድ 37 ዓመቱ ነበር። ጆርጅ ፎርማን በ1994 ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር ሲዘርር 45 ዓመቱ ነበር፤ ሙረር ደግሞ ያኔ ገና 26። እነዚህ የተለዩ ሰዎች ናቸው፤ ክሊችኮም የተለየ ሰው ነበር። የ2009ኙ ክሊችኮ ለፉሪ የበለጠ ይከብደው ነበር ብሎ የሚከራከር ካለ አልቃወመውም። ይህ ግን ስለ ሌላ ፍልሚያ መከራከር ነው።

ወደ አሰልቺነቱ ልለፍ። ፍልሚያው ውብ አልነበረም። ቦክስ አይቶ ለማያውቅ እንግዳ ቦክስን ላስወድደው ብል የማሳየው እሱን አይደለም። ጸሐፊው እዚሁ ጅማ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቁጭ ብለው ሲያዩ ግማሹ ተመልካች እንዳንቀላፋ ጽፈዋል፤ አምናቸዋለሁ። (በቡና ሀገር ተቀምጦ ላንቀላፋ ሰው ግን ጥፋቱን በሙሉ በፉሪ ላይ መጫን ይከብዳል።) የተለያየነው ዝምታው ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው።

ቁጥሩን እንይ። በቡጢ ቆጣሪዎች ሒሳብ ክሊችኮ በ12 ዙር የሰነዘረው 231 ቡጢ ብቻ ነው፤ ያረፈለት 52። በየዙሩ ሲካፈል 20 እንኳን አይሞላም፤ የሚያርፈው በዙር ከአራት ብዙም አይበልጥም። ፉሪ 371 ሰንዝሮ 86 አሳርፏል፤ እሱም ቢሆን የሚያስጨበጭብ ቁጥር አይደለም። ጸሐፊው እነዚህን ቁጥሮች ጠቅሰው “ሁለቱም አልተዋጉም” ይላሉ። እኔ ከእነዚሁ ቁጥሮች የማነበው ሌላ ነው። ለአሥር ዓመት በላይ ተቀናቃኞቹን ሁሉ በአንድ ዘዴ የገዛ ሰው፣ በዚያ ሌሊት ዘዴውን መጀመር እንኳን ተስኖታል።

ዘዴው ይታወቃል። ግራ እጁን ዘርግቶ በቀጥተኛው ቡጢ፣ በጃብ፣ ርቀቱን ይለካል፤ ተቀናቃኙ ከዚያ ርቀት መውጣት ሲያቅተው ቀኙን ይለቅቃል፤ ቀርቦ ሊመታው የሞከረውን ደግሞ አቅፎ ክብደቱን ይጭንበታል። በአሰልጣኙ በኤማኑኤል ስቱዋርድ እጅ ፍጹም የሆነ ዘዴ ነበር። ብዙዎች ይህንን ግራ እጅ ለማለፍ ሞክረው በቀኙ ተወቅተዋል። ፉሪ ያደረገው ርቀቱ እንዳይለካ ማድረግ ነው። እጁን ዝቅ አድርጎ፣ በትከሻውና በጭንቅላቱ እያስመሰለ፣ አንዴ በቀኝ አቋቋም አንዴ በግራኝ አቋቋም እየቆመ፣ ክሊችኮ ሊመታ በተዘጋጀ ቁጥር ቦታውን ይለቅቃል። ጃቡ የሚያርፍበት ካጣ ቀኙም አይከተልም፤ ቀኙ ካልተከተለ የሚታቀፍ ሰው የለም። ክሊችኮ ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ሙሉ “አሁን፣ አሁን” እያለ የሚጠብቅ ሰው ሆነ። ትንሽ የተነቃቃው በ12ኛው ዙር ነው፤ ያኔም መሽቶበታል።

ይህንን “አልተዋጉም” ማለት በር ጠባቂ ኳስ ስላልያዘ ተከላካዮቹ አልተጫወቱም እንደማለት ነው። የቦክስ ዳኛ የሚያየው አራት ነገር ነው፦ በንጽሕና ያረፈ ቡጢ፣ ፍሬ ያለው አጥቂነት፣ ሪንጉን የተቆጣጠረው ማን እንደሆነ፣ እና መከላከል። በዚያ ሌሊት አራቱም ላይ ብልጫው የማን እንደነበር ጸሐፊው ራሳቸው አልካዱም። ያሉት “ደስ አይልም” ነው። ደስ ባይልም ድል ነው።

ዘውድ በነጥብ አይነጠቅም የሚለውስ ከየት የመጣ ሕግ ነው? ማይክል ስፒንክስ በ1985 የ48 ፍልሚያ ድል የነበረውን ላሪ ሆምስን በ15 ዙር በነጥብ ነው ያሸነፈው። መሐመድ አሊ በ1978 ከሊዮን ስፒንክስ ላይ ማዕረጉን ያስመለሰው በነጥብ ነው። ጸሐፊው የሚያደንቁት ኡሲክ ራሱ በሴፕቴምበር 2021 ለንደን ላይ የጆሹዋን ቀበቶዎች የወሰደው በነጥብ ነው፤ ያንን ድል “ስጦታ” ሲሉት አላነበብኩም።

ይህ ነጥብ እኔን ከሌሎቹ ይልቅ የቆረቆረኝ ምክንያት አለኝ። እዚህ ከተማ ቦክስ የሚለማመዱ ልጆች አሉ። በአማተር ቦክስ ፍልሚያው ሦስት ዙር ነው፤ አብዛኛው በነጥብ ያልቃል። አሰልጣኞች ልጆቹን እግራቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ በማስመሰል ተቀናቃኛቸውን እንዲያዘናጉ፣ ቡጢ ሳያርፍባቸው እንዲመቱ ቀን ከቀን ይለምኗቸዋል። ልጁ ደግሞ ማታ ስልኩን ከፍቶ “በነጥብ ማሸነፍ ማሸነፍ አይደለም” የሚል ጽሑፍ ያነባል። በማግስቱ አገጩን ከፍቶ፣ ሁለት እጁን እያወናጨፈ ሲገባ ተጠያቂው ማነው?

የቁመቱን ጉዳይ በአጭሩ። ፉሪ 2.06 ሜትር ነው፤ ክሊችኮ 1.98። ልዩነቱ አለ፤ ጠቅሞታልም። ነገር ግን ዋክም ከክሊችኮ ይረዝም ነበር፤ በ2012 አሥራ ሁለት ዙር ሙሉ ሲመታ አመሸ። ኒኮላይ ቫሉዬቭ 2.13 ሜትር ሆኖ በ2009 ለ1.91ዱ ዴቪድ ሄይ ማዕረጉን አስረክቧል። ኡሲክም ያው 1.91 ገደማ ነው፤ ፉሪን አሸንፎታል። ቁመት ዘውድ የሚያስጭን ቢሆን ኖሮ ማዕረጉ በሜትር ይለካ ነበር።

ነጥቡ ተቀራራቢ ነበር ስለሚለው ደግሞ መደመርና መቀነስ ይበቃል። ሁለት ዳኞች 115 ለ112፣ አንዱ 116 ለ111 ሰጥተዋል። ጸሐፊው 115 ለ112 የሚለውን አይተው “በሦስት ነጥብ ብቻ” ይላሉ። የረሱት ነገር ፉሪ በ11ኛው ዙር ተቀናቃኙን ከጭንቅላቱ ኋላ በመምታቱ አንድ ነጥብ የተቀነሰበት መሆኑን ነው። ያ ነጥብ ሲመለስ 116 ለ112 ይሆናል፤ ይህም ስምንት ዙር ለአራት ነው። የሦስተኛው ዳኛ ዘጠኝ ለሦስት ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ክሊችኮ ዓመታት በነገሠበት በጀርመን ምድር፣ በክሊችኮ ተመልካች ፊት፣ የፉሪ ወገኖች “የሪንጉ ወለል ከመጠን በላይ ለስልሷል” ብለው እስከ መጨቃጨቅ በደረሱበት ዝግጅት ውስጥ ነው። ሌሎች ዳኞች ቢቀመጡ ይለወጥ ነበር የሚል ሰው የትኞቹን ዙሮች ለክሊችኮ እንደሚጨምርለት ይንገረን።

አሁን የመጨረሻው ቀረ። እዚህ ላይ ጸሐፊው የያዟቸው እውነታዎች ሁሉም እውነት ናቸው። የመልስ ፍልሚያው በ2016 ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ ሁለት ጊዜ ቀርቷል። ፉሪ ራሱ ኋላ በግልጽ በተናገረው የአእምሮ ጤና ችግርና ሱስ ውስጥ ወድቆ ቀበቶዎቹን በኦክቶበር 2016 ለቋል። የመድኃኒቱን ጉዳይ ማቃለል አልፈልግም፤ ከሁሉም የሚያስቸግረኝ እሱ ነው። በፌብሩዋሪ 2015 ከሰጠው ናሙና የተነሣ ናንድሮሎን የተባለ የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኝቶበት በ2017 መጨረሻ ወደ ኋላ ታስቦ የሚቆጠር የሁለት ዓመት ቅጣት ተቀብሏል፤ ናሙናውን በሰጠበት ወር ክርስቲያን ሀመርን ያሸነፈበት ውጤትም ተሰርዟል። የዱሰልዶርፉ ውጤት አልተነካም። ይህ ጥርጣሬ የሚጭር ታሪክ ነው፤ ጸሐፊው ክርክራቸውን በዚህ ብቻ ቢያቆሙት ኖሮ መልሴ አጭርና የተሸማቀቀ ይሆን ነበር። እሳቸው ግን ጉዳዩን በሁለት መስመር አልፈው ወደ “ማዕረጉን አላስጠበቀም” ሄዱ፤ እሱ ደግሞ ደካማው ክርክራቸው ነው።

የጅማ ሰው ሆኖ እንዴት እንዲህ ይላል? ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ከታች ባደገበት ዓመት ቅዱስ ጊዮርጊስን ከኋላው አስቀርቶ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከሊጉ ወረደ። መውረዱ ያሳዝናል፤ ክለቡ ዋንጫውን ካነሣ በኋላ እንዴት እንደተያዘም ብዙ ማለት ይቻላል። ነገር ግን በ2014 የሆነው በ2010 የተቆጠሩትን ጎሎች ከመረብ ያወጣቸዋል? ጸሐፊው በራሳቸው መለኪያ ቢሄዱ ያንን ዋንጫ ከከተማችን መንጠቅ አለባቸው።

በቦክስም ያው ነው። በስተር ዳግላስ በፌብሩዋሪ 1990 ቶኪዮ ላይ፣ በ8ኛው ዙር ራሱ ወድቆ ተነሥቶ፣ ሽንፈት የማያውቀውን ማይክ ታይሰንን በ10ኛው ዙር ዘረረ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወፍሮ መጥቶ በመጀመሪያው የማስጠበቅ ፍልሚያ በኢቫንደር ሆሊፊልድ በ3ኛው ዙር ተዘረረ። ማዕረጉን ስምንት ወር ገደማ ብቻ ያዘ ብሎ የቶኪዮውን ሌሊት ያሳነሰ ሰው አላጋጠመኝም፤ ጸሐፊውም ያንን ድል በዚሁ ጽሑፋቸው “የማይደገም” ብለውታል።

ኡሲክን በተመለከተ ደግሞ፣ በሜይ 2024 ሪያድ ላይ ሲገናኙ ፉሪ 35 ዓመቱ ነበር፤ በዲሴምበር ሲደግሙ 36። ኡሲክ ድንቅ ቦክሰኛ ነውና እኔ ለፉሪ በዕድሜ ምክንያት አልፈልግለትም። ጸሐፊው ግን የክሊችኮን ሽንፈት በ39 ዓመቱ ካሳበቡ በኋላ የፉሪን ሽንፈት በ36 ዓመቱ የእውነተኛ ማንነቱ ማስረጃ ማድረጋቸው በየትኛው ሚዛን ነው?

የእኔን ደረጃ ለሚጠይቀኝ እነሆ። የዱሰልዶርፉን ድል ከአሊ የ1974ቱ የኪንሻሳ ድል አጠገብ አላስቀምጠውም፤ ያ 40 ፍልሚያ ያሸነፈና ገና 25 ዓመቱ የነበረ ፎርማን ነው፤ የተዘረረውም በ8ኛው ዙር ነው። ከዳግላስ የቶኪዮ ሌሊትም በታች አደርገዋለሁ። ስፒንክስ ሆምስን ካሸነፈበት ጋር ግን ጎን ለጎን ይቆማል፤ ምናልባትም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሆምስ ከዚያ በፊት በነበሩት ፍልሚያዎች መድከሙ ይታይ ነበር፣ ክሊችኮ ላይ ግን አልታየም።

ጸሐፊው በእውነት ሳይነጠቅ የተገኘ ዘውድ ላይ መጻፍ ከፈለጉ ርዕስ ልጠቁማቸው። ከዱሰልዶርፍ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከፉሪ ቀበቶዎች አንዱ በሪንግ ሳይሆን በደብዳቤ ተወሰደ፤ ለክሊችኮ የመልስ ፍልሚያ ግዴታ ስለነበረበት ቀበቶውን የሚሰጠው የቦክስ ድርጅት የመደበለትን ተቀናቃኝ መግጠም አልቻለም። በጃንዋሪ 2016 ብሩክሊን ላይ ቻርለስ ማርቲንና ቪያቼስላቭ ግላዝኮቭ ለዚያ ባዶ ማዕረግ ተጋጠሙ፤ በ3ኛው ዙር ግላዝኮቭ የእግሩ ጉልበት ተጎድቶ መቀጠል አቃተውና ማርቲን ሻምፒዮን ተባለ። በኤፕሪል ጆሹዋ እሱን በ2ኛው ዙር ዘርሮ ቀበቶውን ወሰደ። ያንን ድል የሚመረምር ጽሑፍ እስካሁን በስልኬ አልደረሰኝም።